ዘጠኝ ኪሎ ትርፍ

ፈሃድ የቤት ሥራ አለበት፤ ወለሉ ላይ ነው በሆዱ፣
ካርታው ሰማያዊ ባሕር፣ ቀይ መስመር ነው መንገዱ።
«ከኩዌት እስከ ዶሃ» አለኝ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
«አምስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር»፣ እንደ አብራሪ አፉን ሞልቶ።
«በአውሮፕላን አንድ ሰዓት፣ ከሃያ ደቂቃ።»
እኔ ሩዝ እያጠብኩ ነበር፤ ጣቴ ቀረች ውሃው ውስጥ ደርቃ።

አንድ ሰዓት ከሃያ!
ሩዝ ዘፍዝፈው፣ ቀቅለው፣ አጥልለው እስኪያወጡት፣
የባባን አምስት ዲሽዳሻ ተኩሰው እስኪሰቅሉት፣
ይኼው ነው የእኔና የጦይባ? እኔ የማውቀው ርቀት
ሰባት ረመዳን ነበር፣ በስልክ ያፈጠርንበት።
ፀሐይ ዶሃ ላይ ቀድማ ትጠልቃለች፣ ሩብ ሰዓት ያህል፤
ጦይባ አዛኗን ሰምታ፣ ተምሯን ይዛ ትጠብቀኛለች፣
ሳትቀምስ እህል።

ከደጋን በአንድ አይሱዙ፣ በአንድ ደላላ ምላስ ወጥተን፣
ቦሌ ላይ በሁለት ሰልፍ፣ በሁለት ቲኬት ተለይተን።
«ጎረቤት ናችሁ» ብሎን ነበር፣ ሻንጣችንን እያሰረ።
አልዋሸም።
ጎረቤት ግን እሳት ይጫጫር ነበረ።

ዒዱ ባለፈ በሳምንቱ ማዳም «ሻንጣ አውርጂ» አለችኝ።
ዶሃ፣ ለሦስት ቀን። ልጁን ጠባቂ አደረገችኝ።
ፓስፖርቴን በሷ ቦርሳ ውስጥ፣ ከሊፒስቲኩ ጋር አየሁት፤
የፎቶውን ልጅነት፣ ሰላም ብዬ አለፍኩት።

ሸማል ከኋላ ገፋን። ካፒቴኑ ተናገረ፤
አሥር ደቂቃ ቀድመናል፤ ፈሃድ ሰዓቱን ቆጠረ።
ነፋስ እንኳ ዘመድ ሆነ፣ አልኩ በሆዴ፣
በሰባት ዓመት አንዴ።

ሆቴላችን ሃያ ስድስተኛ ፎቅ። ጦይባ ያለችው አል ወክራ።
«ይኼስ ስንት ይሆናል?» አልኩት፣ ጣቴ ወደ ባሕሩ ሲመራ።
«አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር፤ በመኪና ሃያ ደቂቃ።»
ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቅኳት፤
ያቺ ሃያ አላልቅ አለች በቃ።

ስንመለስ፣ ዓርብ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣
ጦይባ ከምሰሶው ሥር ቆማለች፤
ያላትን ሪያል ለታክሲ አራግፋ መጥታለች።

ሰባት ሻንጣ ሚዛን ላይ። ቀዩ ቁጥር፦ ዘጠኝ ኪሎ ትርፍ።
ማዳም አትከፍልም። ሻንጣው ተከፈተ፣ ቆመ የሰው ሰልፍ።
ሽቶ ወጣ፣ ጫማ ወጣ፣ ተመዘነ፣ ተመለሰ፤
በዚያ መሃል የእኔ እግር ወደ ምሰሶው ገሰገሰ።

ምን አወራን? «ከሳሽ» አለችኝ። «ወፍረሻል» አልኳት።
እጄን አሸተተች፣ በረኪና። የሷንም አሸተትኩት፣
በረኪና።
አገሩ ሁለት ቢሆንም ጠርሙሱ አንድ ነው። ሳቅን፤
ሳቁ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ እንባ ተናነቀን።

ማዳም ቀና ብላ ያየችን መሰለኝ። ልትጣራ አፏን ከፈተች።
ዘጋችው።
አንዱን ጫማ አውጥታ፣ መልሳ ከታ፣ ደግሞ አወጣች።
እስከ ዛሬ እሷን ለሰው ስከስ፣ እዚያ ጋ ስደርስ አፌ ይያዛል፤
ያ ጫማ እውነት ከብዶ ነበር? ልቤ ይመዝናል፣ ይመዝናል።

በመልስ ጉዞ ሸማል ከፊት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን።
ፈሃድ ክንዴ ላይ ተኛ፤ ከታች ባሕሩ ጨለመብን።
እሱ ካርታ ላይ አልነበረም፤ ማስመሪያ የለውም ነፋስ፤
መምህሩም ሙሉ ማርክ ሰጥቶታል፣ በቀይ እርሳስ።

አሁን ሩዝ ስዘፈዝፍ እነሳለሁ፣ ከሳልሚያ፣ ከኩሽናው፤
ሁለተኛውን ዲሽዳሻ ስተኩስ፣ ባሕሬን ናት ከሥሬ ያለችው፤
አራተኛው ላይ «ቀበቶ እሰሩ» ይባላል፣ የካውያው እንፋሎት ነው ደመናው፤
አምስተኛውን ስሰቅል፣ ጎማው መሬት ይነካል።
ጦይባ ከምሰሶው ሥር ናት።
ማዳም ከሳሎን ትጣራለች፤
ሩዙ ገንፍሏል።